ሳይታይ የሚነገር ፆታ



ከዚህ በታች የጻፍኩትን አሳብ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድዎ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የቦንጋ ብቻ ስላልሆነ፣ በሌላውም ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ ባልንጀሮቼ ቢያነቡት ይጠቀሙበታል ብዬ እገምታለሁ።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተና ቦንጋ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፣ አዲስ ትዳር የያዘ ብዙ የቢሮ ሠራተኛ ወደ ከተማችን መጥቷል። ከእነዚህም መካከል ሚስቱ የፀነሰችለት ሰው የደመወዝ ቀን ሲደርስ ወደ ክሊኒክ ጎራ ማለቱን እናያለን። መሄዱ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የእናትየዋን ደኅንነት ሳይሆን «ወንድ ነው ወይስ ሴት?» የሚለውን ነው። ቀድሞ እናቶቻችን የሆድን ሹልነትና ክብነት አይተው፣ ያማራትንም ምግብ ጠይቀው ይገምቱ ነበር። ቢስቱ ተሥቆ ይታለፋል፤ ግምት መሆኑን ሁሉም ያውቃልና። የዛሬው ግን ከመሣሪያ የወጣ ቃል ስለሆነ፣ ሰው ማኅተም እንዳረፈበት ደብዳቤ አድርጎ ይቀበለዋል።

የአንድ የማውቀው ሰው ሚስት ገና ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላት «ወንድ ነው» ተባለች። የተባለበትን ቦታ መጥቀስ አያስፈልግም። ስም ወጣ፤ ለአያት ተነገረ፤ ልብሱም ተገዛ። ቀኑ ሲደርስ የተወለደችው ጤናማ ሴት ልጅ ነበረች። እልልታው ቀዘቀዘ። ከዘመድ መካከል «ልጅ ተለውጦብን ይሆን?» ያለ ሰው ተገኘ፤ እናትየዋም ከወሊድ ድካሟ ሳትነሣ የገባችውን ቃል እንዳፈረሰች ተቆጠረች። እርሷ ግን ምንም ቃል አልገባችም ነበር።

ስለዚህ መሣሪያው ምን ሊያይ እንደሚችል ማወቅ ይገባናል። አልትራሳውንድ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ሆድ ይልክና ተመልሶ የሚመጣውን ወደ ሥዕል ይለውጣል። ኢያን ዶናልድ የተባሉት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በግላስጎው ከተማ ሠርተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ጥናታቸውን ካሳተሙ ወዲህ፣ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ጥቅም እየሰፋ ሄዷል። ይሁንና ሥዕሉ ያልተሠራን ነገር ሊያሳይ አይችልም። የልጁ ፆታ በፅንሱ ጊዜ የተወሰነ ቢሆንም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ወንዱም ሴቷም በውጭ ያላቸው ያው አንድ ዓይነት ትንሽ ጉብታ ነው። መለየት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በለንደን ሐኪሞች የዚህን ጉብታ አቅጣጫ እየለኩ ሠርተው በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በ11ኛው ሳምንት በትክክል የገመቱት ከ100 ወደ 70 ያህሉን ብቻ ነበር። በ12ኛው ሳምንት ወደ 99 ከፍ አለ፤ በ13ኛው ፆታቸው የተለየላቸው ሁሉ ትክክል ሆነው ተገኙ። ይህም በሠለጠነ እጅና በጥሩ መሣሪያ፣ ፅንሱም እንዲታይ ሆኖ ሲተኛ ነው። በተለመደው አሠራር ግን ከ18 እስከ 20ኛው ሳምንት መጠበቁ ይሻላል።

ሰባ መባሉ ብዙ እንዳይመስለን። ሳንቲም ወርውሮ የሚገምት ሰውም ከሁለት አንዱን ያገኛል። የተሳካለት አባት «እንዴት ያለ ባለሙያ ነው!» እያለ በየቡና ቤቱ ያወራል፤ ያልተሳካለት ዝም ይላል። የገማቹ ዝና የሚገነባው በዚህ ነው።

በስልክ የሚዛመት ሌላም ወሬ አለ፤ እንግዴ ልጁ በቀኝ ከተቀመጠ ወንድ፣ በግራ ከሆነ ሴት ነው፣ በስድስተኛው ሳምንትም ይታወቃል ይላል። እንግዴ ልጅ በማኅፀን ውስጥ የትም ሊጣበቅ ይችላል፤ ስፍራውም ስለ ፆታ አይናገርም። ደግሞም በመስታወቱ ላይ የሚታየው ሥዕል እንደ አያያዙ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ብቻ ይዞ ቀኝና ግራ የሚቆጥር ሰው ምን እንደሚቆጥር አይገባኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነፍሰ ጡር ሴት ሁሉ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። የእኛም ጤና ሚኒስቴር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእርግዝና ጊዜ ስምንት ምርመራ እንዲደረግ ሲወስን ይህንኑ ምክር ተቀብሏል። አዋላጅ ነርሶችም በእጅ የሚያዘውን ትንሽ መሣሪያ እየተማሩ በየጤና ጣቢያው እንዲሠሩበት ተጀምሯል። የታሰበው የመውለጃዋ ጊዜ በትክክል እንዲታወቅ፣ መንታ ከሆነ እንዲታይ፣ የልጁ አካል እንዲመረመር ነው። እንግዴ ልጁ የማኅፀኑን በር ዘግቶ ከተገኘ ደግሞ እናትየዋ ወደ ሆስፒታል ቀርባ እንድትቆይ ይደረጋል። ከዴቻ ወይም ከጨታ ገጠር ተነሥታ እየደማች ወደ ቦንጋ ለምትመጣ ሴት መንገዱ ምን ያህል እንደሚረዝም የካፋ ሰው ያውቀዋል። በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በአገራችን ከ100,000 ሕያው ልደት 412 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ተገልጿል። በጤና ተቋም የሚወለዱትም ከ100 ልጆች 26 ብቻ ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ 48 ደርሷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ አባወራው በሁለተኛው ወር ገንዘቡን ከፍሎ ፆታውን ከሰማ «አልትራሳውንድ ታይታለች» ብሎ ያርፋል። በአምስተኛው ወር፣ መሣሪያው በእውነት ሊያይ በሚችልበት ጊዜ፣ ሳትመለስ ትቀራለች። የተሳሳተው ግምት የሚያደርሰው ጉዳት በልብስ ቀለም ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

በሌላ አገር ነገሩ ከዚህ የከፋ ደርሷል። ሕንድ በ1994 ፆታን ከመወለድ በፊት መንገርን በሕግ ከለከለች፤ ወንድ ፈላጊዎች ሴት ፅንስን ያስወግዱ ነበርና። በቻይና በ2010 ቆጠራ ለ100 ሴቶች ወደ 118 ወንዶች ይወለዱ ነበር፤ የተፈጥሮው ልክ ወደ 105 ነው። አገራችን እዚያ አልደረሰችም፤ ስለዚህ ክልከላ ይውጣ አልልም። ጥያቄውንም አልንቅም። በዚህ ጥያቄ ተስቦ ሚስቱን ይዞ የሚመጣ ባል ካልመጣው ይሻላል።

የዞኑ ጤና መምሪያ ግን አንድ ነገር ቢያደርግ አይከብደውም። በመንግሥትም ሆነ በግል የሚሰጠው የውጤት ወረቀት ላይ አስቀድሞ የመውለጃዋ ጊዜ፣ የፅንሱ ቁጥር፣ የልብ ምቱና የእንግዴ ልጁ ስፍራ ይጻፍ። ፆታው ከተጠየቀ አምስተኛው ወር ከገባ በኋላ ይነገር፤ ካልታየም «አልታየም» ይባል። ይህን «አልታየም» የሚል ባለሙያ ደንበኛ እንዳይሸሸው ደንቡ ለሁሉም አንድ መሆን አለበት።

ለባልንጀሮቼ አባወራዎችም አንድ ቃል ልጨምር። የልጁን ፆታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው፤ እናትየዋ ለወንድም ለሴትም የምትሰጠው ያንኑ አንድ ዓይነት ነው። በቢሮ ስብሰባ ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 እየጠቀስን ስለ ሴቶች መብት እንናገራለን፤ ማታ ቤት ስንገባ ግን ሴት ወለደች ብለን እንኮሳተራለን። በዚህ ጉዳይ ተወቃሽ የሚፈልግ አባት ካለ ራሱን ይጠይቅ።

ለቀጠሮው ደግሞ፣ ሚስቱ በአምስተኛው ወር ያለች ባልንጀራ ካለ፣ ከአለቃው የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቆ አብሯት ይሂድ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከቦንጋ