የጠፋው ጉንዳን እንዳይመለስ

ለ፦ የዩናይትድ ስቴትስ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ዳይሬክተር
ጉዳዩ፦ ጆንስተን ደሴት ከወራሪ ጉንዳን ነፃ እንደሆነች እንድትቆይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ የምኖረው ሃዋይ ነው። እንጀራዬ ወራሪ ጉንዳን መፈለግና ማጥፋት ነው፤ የመስክ ቴክኒሻን ነኝ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ግል ጉዳዬ አይደለም። መሥሪያ ቤትዎ በጆንስተን ደሴት ያገኘውን፣ በሙያችን ከስንት አንዴ የሚታይ ድል በቸልተኝነት እንዳናጣው ልማጸንዎ ነው።

ጆንስተን ከሃዋይዋ ሆኖሉሉ በደቡብ ምዕራብ በኩል 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ጠፍጣፋ መሬት ናት። በ1926 በፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ትእዛዝ የወፎች መጠለያ ተባለች (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጠለያ ትባል እንጂ ሰው ግን እጁን አላነሣላትም። የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራባት። በ1962 ለኑክሌር ሙከራ የተዘጋጀ ሮኬት ከሽፎ አፈሯን በፕሉቶኒየም በከለው። ከቬትናም ጦርነት የተረፈው ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለ የዕፅዋት ማጥፊያ መርዝ ተከማቸባት። ከ1990 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ደግሞ የኬሚካል ጦር መሣሪያ ይቃጠልባት ነበር። ይህ ሁሉ ሲወርድባት የባሕር ወፎቹ አልለቀቋትም። በ2010 ግን ቢጫ እብድ ጉንዳን ተገኘባት።

ይህ ጉንዳን አይነድፍም፤ ፎርሚክ አሲድ ይረጫል። ከደሴቲቱ የባሕር ወፎች አንዱ፣ ባለ ቀይ ጭራው፣ ደግሞ የሚራባው መሬት ላይ ነው። ቁጥቋጦ ሥር አንዲት እንቁላል ይጥልና ይታቀፋል። በአየር ላይ የሚወዳደረው የለም፤ እግሮቹ ግን ለመራመድ አይሆኑትም፣ በደረቱ እየተገፋ ነው የሚንቀሳቀሰው። መብረር ያልጀመረው ጫጩትማ መሸሻ የለውም። ጉንዳኑ በሺህ እየሆነ እግሩ ላይ፣ ምንቃሩ ሥር፣ ዓይኑ ዙሪያ ይሰፍራል። አሲዱ ዓይን ያሳብጣል፣ ብሎም ያሳውራል። የታቀፈችው ወፍም እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። አንድ ሰፈር ብዙ ንግሥቶች ስላሉት፣ ጎረቤት ጎጆዎችም እርስ በርስ ስለማይዋጉ ጉንዳኑ አፈሩን እንደ አንድ ቤተሰብ ይወርሰዋል።

መሥሪያ ቤትዎ ያኔ ጊዜ አላጠፋም። ጥቂት ጥቂት ሰዎች ያሉባቸው ቡድኖች በየስድስት ወሩ እየተተካኩ ወደ ደሴቲቱ ተላኩ። ከፊሎቹ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ሐኪም ቤት፣ ሱቅ፣ ሌላ ነዋሪ በሌለበት ስፍራ በድንኳን እያደሩ ፀሐይና የባሕር ጨው ሲያቃጥላቸው ዋሉ። የወፍ ጉድጓድ እንዳይደረምሱ፣ እንቁላል እንዳይረግጡ እግራቸውን እየመረጡ እያንዳንዱን ቁጥቋጦ ፈተሹ።

የዚህን ሥራ ክብደት በቅርብ የማያውቅ ሰው “መርዝ መርጨት ነው” ሊል ይችላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። መርዙ ፈጥኖ መግደል የለበትም። ምግብ ፍለጋ የወጣችው ሠራተኛ ጉንዳን መንገድ ላይ ከሞተች ንግሥቲቱ ጎጆዋ ውስጥ በሰላም እንቁላሏን ትጥላለች። ስለዚህ ማባበያው ጉንዳኗ የምትወደው፣ ጠግባ የምትሸከመው፣ ጎጆዋ ገብታ በአፏ ለሌሎች የምታካፍለው መሆን አለበት። ዛሬ ጣፋጭ የወደደ ጉንዳን ነገ ፕሮቲን ሊፈልግ ይችላል። ዝናብ ከመጣ የቀኑ ሥራ ታጥቦ ይሄዳል። በጆንስተን ባለሙያዎቹ አንዱን ማባበያ ሲያነሡ ሌላውን ሲጥሉ ከርመው ዲኖቴፉራን የተባለውን ፀረ ተባይ ከስኳር ውሃ ጋር አዋሕደው ውሃ በሚይዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች እስከ ማቅረብ ደረሱ።

ከ2017 መጨረሻ ወዲህ አንድም ቢጫ እብድ ጉንዳን አልታየም። ያም ሆኖ መሥሪያ ቤትዎ “ጠፍቷል” ለማለት አልቸኮለም፤ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ፍለጋውን ቀጥሎ፣ በአነፍናፊ ውሾች ጭምር አስፈትሾ፣ በሰኔ 2021 መጥፋቱን ለዓለም አበሰረ። ዛሬ ጆንስተን ከዓለም ታላላቅ የባለ ቀይ ጭራ ወፍ መራቢያዎች አንዷ ናት።

ይህ ድል ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የሚገባን ወደ ሌሎች ደሴቶች ስናይ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው የአውስትራሊያዋ ክሪስማስ ደሴት ይኸው ጉንዳን ቀይ ሸርጣኖችን በሚሊዮን ፈጅቷል። ከ2002 ጀምሮ ማባበያ ከሄሊኮፕተር ተበትኗል፤ በ2016 ደግሞ ለጉንዳኑ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚመግበውን ተባይ የምታጠቃ ደቃቃ ተርብ ተለቃለች። ትግሉ ግን አላበቃም።

እኔ የምሠራበት ሃዋይም ሌላ ምስክር ነው። ትንሿ የእሳት ጉንዳን እዚህ በ1999 ተገኘች። ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ የእንጨት ዘንግ ጥላ ሥር እናስቀምጥና ከአንድ ሰዓት በኋላ አንሥተን፣ በላስቲክ ከረጢት ከትተን፣ ወደ ብርሃን ይዘን እናያለን። ቀላ ያለች፣ ዝግ ብላ የምትሄድ ነቁጥ ካየን የዚያ ግቢ ኑሮ ተለወጠ ማለት ነው። መሬት ላይ ብቻ ሳይሆን ዛፍ ላይም ትሰፍራለች፤ ነፋስ ሲነፍስ በሰው አንገት ላይ ትዘንባለች፤ ስትነድፍ ቆዳ ይቆጣል፤ ድመትና ውሻም ታሳውራለች። ማባበያውን እስከ ዛፉ ጫፍ እንረጫለን፤ በየስድስት ሳምንቱ ተመልሰን እንደግማለን። በአንዳንድ ቦታ ተሳክቶልናል። በትልቁ የሃዋይ ደሴት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ፤ ተስፋፍታ ስላበቃች አሁን የምንሠራው መቀነስ ነው።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ይህችው ጉንዳን በ2013 ሆኖሉሉ ባለችበት በኦአሁ ደሴት ተገኘች። ወደ ጆንስተን የሚሄድ መርከብ ስንቁንና ዕቃውን የሚጭነው ደግሞ ከዚያው ከሆኖሉሉ ነው። አደጋው ሩቅ እንዳልሆነ ለማሳየት ይህ ብቻ ይበቃል። በዚህ ላይ በመጋቢት 2025 የዩናይትድ ስቴትስ አየር ኃይል በጆንስተን ላይ ሁለት የሮኬት ማረፊያዎችን ለመሥራት፣ በዓመትም እስከ 10 ጊዜ ሮኬት ለማሳረፍ ማሰቡን አሳወቀ። ዕቅዱ በዚያው ዓመት ለጊዜው መቆሙ ተዘግቧል። የቆመ ዕቅድ ግን ሊቀጥል ይችላል፤ ይህኛው ቢቀር ሌላ ይመጣል። ግንባታ ማለት ጠጠር፣ እንጨት፣ ማሽን፣ ኮንቴይነርና ሰው ነው። አንዲት ንግሥት ከጥቂት ሠራተኞቿ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ጥግ ተደብቃ ብትገባ የእነዚያ ሁሉ ሰዎች ዓመታት ከንቱ ይቀራሉ። አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ወደ ጆንስተን የሚሄድ ማናቸውም መርከብ፣ አውሮፕላንም ሆነ ሌላ ማጓጓዣ፣ የጦር ኃይሉም ይሁን የግል ድርጅት፣ ከመነሣቱ በፊት ጭነቱ በኳራንቲን እንዲቆይና በሠለጠነ ሰው እንዲፈተሽ የሚያስገድድ ደንብ ይኑር። ፍተሻውን ያላለፈ አይነሣ። ደሴቲቱ በአየር ኃይሉ ሥልጣን ሥር መሆኗን አውቃለሁ፤ ነገር ግን መጠለያውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትዎ ነው፣ አደራውም የእርስዎ ነው።

ሁለተኛ፣ በደሴቲቱ ላይ የጉንዳን ቅኝት የማይቋረጥ ሥራ ይሁን። ጉንዳን በአንድ ቁጥቋጦ ሥር ሳለ ከተገኘ በጥቂት ሰው ይጠፋል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን በዓመታት በጀትም አይጨበጥም።

ሦስተኛ፣ ይህን ሥራ የሚሠሩ ቴክኒሻኖች በአጭር ውል ብቻ አይያዙ። ውሉ ሲያልቅ ሰውየው ይሄዳል፤ የትኛው ማባበያ በየትኛው ወቅት እንደሚሠራ፣ ጉንዳኑ የት የት እንደሚደበቅ ያየው ዓይንም አብሮት ይሄዳል። ሪፖርት ሁሉን አይጽፍም። ቋሚ ሥራ፣ በቂ ሥልጠና፣ ለሩቅ ስፍራ የሚመጥን የሕክምና ዋስትና ይሰጣቸው። ስለ ደሴቲቱ ውሳኔ ሲሰጥም ይጠየቁ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛም ያወጣሁት ለወገኖቼ ጭምር ነው። በ2017 የታተመ፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ የተሳተፉበት ጥናት፣ በጣና ዙሪያ ሌፒሲዮታ ካኔስሰንስ የተባለ አገር በቀል ጉንዳን እጅግ ሰፋፊ ሰፈሮችን መመሥረቱን አሳይቷል፤ ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። አጥኚዎቹ ይህ ዝርያ ወደ ሌላ አገር ከተጓዘ ወራሪ ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። እምቦጭ ጣናን ሲወርስ ያየ ሕዝብ የዘገየ እርምጃ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። የዕፅዋትና የአፈር ጭነት በሚወጣበትና በሚገባበት ኬላ ሁሉ የሚቆም ፈታሽ ለሩቅ ደሴቶችም፣ ለራሳችንም ደን ጠባቂ ነው።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ጆንስተንን ከጉንዳን ያጸዱት ሰዎች የተጣለባቸውን ሥራ ፈጽመው ተመልሰዋል። የቀረው በእርስዎ ፊርማ የሚሆን ነው። የፍተሻውን ደንብ ቀጣዩ መርከብ ከመጫኑ በፊት ያውጡልን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ከሃዋይ የመስክ ቴክኒሻኖች አንዱ

ግልባጭ፦
ለዩናይትድ ስቴትስ አየር ኃይል
ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን