ልጅን ማድመጥ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት በአያሌ ቤተሰቦች ዘንድ እንደ ሕግ ይቆጠራል። ታላቅ ይናገራል፤ ታናሽ ይሰማል። ይሁን እንጂ ቤት የሚጸናው ወላጅም ልጁን ሲያደምጥ ነው። አለመደማመጥ በሰላም ጊዜ ተሸፋፍኖ ይኖራል፤ በስደት ግን ጉዳቱ ይገለጣል።

በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት የተቋቋመው የቱነይድባ መጠለያ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ሱዳን ተሻገረ። ቱነይድባም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ስደተኞችን መቀበል ጀመረ። ከእነርሱም መካከል ሙስሊም ቤተሰቦች ነበሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳንም ጦርነት ሲነሣ በስደት ላይ ሌላ ስጋት ተደረበ።

እንዲህ ባለው ኑሮ የወላጅና የልጅ ድርሻ ይለዋወጣል። በቀዬው አርሶ ወይም ነግዶ ቤቱን ያስተዳድር የነበረ አባት በሰው አገር የዕርዳታ እህል ይጠብቃል። ልጁ ግን ከገበያና ከጓደኞቹ ዐረብኛ ፈጥኖ ይለምድና አስተርጓሚው ይሆናል። ቀን የአባቱ አንደበት ሆኖ የዋለ ልጅ ማታ «ዝም በል» ሲባል ቅር ይለዋል። አባትም ክብሩ የተነካ እየመሰለው ይቆጣል። ስለዚህ ልጁ ያሳለፈውን ፍርሃትም ሆነ ወደ ሊቢያ ለመሻገር ያሰበውን ለእኩዮቹ እንጂ ለወላጆቹ አይነግርም። ከአደጋ ሊያድነው የሚችለው ምክርም ሳይደርሰው ይቀራል።

ልጅ ከተደመጠ ይባልጋል የሚሉ ወላጆች አሉ። ነገር ግን በሱረቱ ዩሱፍ እንደተነገረው፣ ዩሱፍ ገና ልጅ ሳለ ያየውን ሕልም ለአባቱ ለነቢዩ ያዕቁብ ነገረ። አባቱም ሰማው፤ ከዚያም ሕልሙን ለወንድሞቹ እንዳይነግር አስጠነቀቀው። ማድመጡ ቀደመ፤ ምክሩ ተከተለ። በዚህም የአባትነት ክብሩ አልጎደለም።

ልጅም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ሱረቱል ኢስራእ ወላጅን «ኡፍ» ብሎ እንኳ ማስከፋትን ይከለክላል። ስለሆነም የቋንቋ ችሎታውን መኩራሪያ ማድረግ፣ ሲያስተረጉምም እውነቱን መደበቅ አይገባውም።

መደማመጥ ሀብት አይጠይቅም። በመግሪብና በዒሻ ሰላት መካከል፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ወላጅ ልጁን «ዛሬ እንዴት ዋልህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በትዕግሥት ቢጠብቅ በቂ መነሻ ነው። ልጅ ያቦካው ብቻውን ለራት ባይበቃ እንኳ፣ አዋቂ ሲጨምርበት ይበቃል።