ጎዳኔ ሃርጌሳ ላይ ያላገኘው

ጥቅምት 19 ቀን 2001 ዓ.ም. ሃርጌሳ ውስጥ ፈንጂ የጫኑ መኪኖች በፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት፣ በኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤትና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ግቢ ላይ ፈነዱ። ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። አልሸባብን ለረጅም ጊዜ የመራው አህመድ አብዲ ጎዳኔ የዚችው ከተማ ተወላጅ ነበር።

አክራሪነትን የሃይማኖትና የድህነት ልጅ ብቻ የሚያደርጉ ወገኖች ይህን ሰው ሊያስረዱ ይገባቸዋል። ሃርጌሳና ሞቃዲሾ በሃይማኖትም፣ በቋንቋም፣ በችግርም አይራራቁም። ቂም ለመቋጠርማ ሃርጌሳን የሚያህል አልነበረም፤ በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ የጦር አውሮፕላኖች ከከተማዋ አየር ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን ራሷን አፍርሰዋታል። ጎዳኔ ግን ጦር የሚያዘምትበትን ምድር ያገኘው በትውልድ ከተማው ሳይሆን በደቡብ ነው።

በሰሜን የጎሳ ሽማግሌዎች በ1985 ዓ.ም. ቦረማ ላይ ለወራት ተቀምጠው፣ በአብዛኛው ሕዝቡ ባዋጣው ስንቅ፣ የሥልጣኑን ነገር ተስማሙ። ከዚያም በኋላ ተዋግተዋል፤ ይህ አይሸሸግም፤ ግን ደግመው ተቀመጡ። በደቡብ የጦር አበጋዞች ሞቃዲሾን በየሰፈሩ ተቃረጧት። በ1998 ዓ.ም. አሜሪካ ለእነዚሁ አበጋዞች ገንዘብ ስታቀብል፣ የተማረረው ነዋሪ ወደ እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ተጠጋ።

ኅብረቱ በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ አውጆ ነበርና የአዲስ አበባ ስጋት ፈጠራ አልነበረም። ክርክሩ በመድኃኒቱ ላይ ነው። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የዘመተው ጦር ኅብረቱን ለመበተን ጥቂት ሳምንታት እንኳ አልፈጀበትም። ሲበተን ግን እንደ ሼክ ሸሪፍ አህመድ ያሉት ለዘብተኞች ተሰደዱ፤ አልሸባብ እዚያው ቀረ። ስብከቱን የማይወድ ሶማሌ እንኳ የውጭ ጦርን መቃወሙን ሊነቅፍበት አልቻለም፤ ለጥቂት ጽንፈኞች ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከየት ይመጣል? ጥር 2001 ዓ.ም. ጦሩ በወጣ ማግስት የሽግግሩ ፓርላማ መቀመጫ ባይደዋ በአልሸባብ እጅ ወደቀች።

ሃርጌሳም በቦረማ ውርስ ብቻ ልትኖር አትችልም። በ2015 ዓ.ም. ላስ አኖድ «አንተዳደርላችሁም» ብላ ስትነሣ፣ ባለሥልጣናቱ ተቃዋሚዎቹን ከአሸባሪዎች ጋር ደረቡ። ከተማዋ በመድፍ ተደበደበች፤ እጅግ ብዙ ነዋሪ ተሰደደ። ነሐሴ ላይ የሃርጌሳ ጦር ከከተማዋ አቅራቢያ ከነበረው ዋና ሰፈሩ ተባረረ።