«ገመዱን ልቀቂው!»

«ከባለቤቴ ጋር ለእረፍት በወጣን ቁጥር ተጣልተን እንመለሳለን፣ ምን ይሻለናል?» የምትል ደብዳቤ ደርሳኛለች። ደብዳቤዋን ሳነብ ጀርመን አገር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ያጫወተችኝ ነገር ትዝ አለኝ።

የአክስቴ ልጅና ባለቤቷ ፍራንክፈርት ነው የሚኖሩት። ሰውየው የጀልባ ፍቅር ያዘውና ስምንት ሜትር የምትሆን ያገለገለች ጀልባ ገዛ። በ2015 ዓ.ም ክረምት (እዚያ እንኳ በጋ ነው) በማይን ወንዝ ሽቅብ፣ ከዚያ በቦይ፣ ከዚያ በዳኑብ ቁልቁል ወደ አንድ ሺ ኪሎ ሜትር ተጉዘው ቪየና ሊገቡ ተነሱ። እሷ ዋና አትችልም። «ምን ላድርግ፣ ባሌ ነው! የመንሳፈፊያ ጃኬቴን ለብሼ ገባሁ» አለችኝ።

ሁለቱን ወንዞች የሚያገናኘው ቦይ 171 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ጀልባ ተራራ ይወጣል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? የቦዩ አናት ከባህር ወለል በላይ 406 ሜትር ነው። የሚወጣው እንደ ደረጃ ነው። ጀልባው በሁለት በኩል በር ያለው ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ሲሞላ ከነጀልባችሁ ከፍ ትላላችሁ። ትልልቆቹ ገንዳዎች በአንዴ ወደ 25 ሜትር ያነሳሉ። ስምንት ፎቅ በሉት! ቁልቁል ሲሆን ውሃው ከስር ይቀንሳል። እስከ ቪየና እንዲህ ያለው ገንዳ ስልሳ ያህል ነው።

ታዲያ በየገንዳው አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ገመዱን ግድግዳው ላይ ካለው ብረት ዞር አድርጎ በእጁ ይይዛል። ሲወርዱ ገመዱ ቀስ እያለ ይለቀቃል እንጂ ፈጽሞ አይታሰርም። ይህን ግን ለእሷ ማን ነገራት? ማንም!

ዳኑብ ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው እጇ ዛለና ገመዱን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ውሃው ወረደ፣ ጀልባዋ ግን በገመድ ተንጠልጥላ አጋደለች። «ልቀቂው!» ይጮሃል፤ ቋጠሮው አልፈታ አላት። ሮጦ መጥቶ በቢላ ቆረጠው። ከአዲስ አበባ የወሰደችው ጀበና ወድቆ ተሰበረ። እሱ በንዴት «አንቺን ይዞ ከመምጣት ብቻዬን ብመጣ ይሻለኝ ነበር!» አላት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ዝምታ ሆነ። በስምንት ሜትር ጀልባ ተኳርፎ መኖር አስቡት! አኩርፎ የሚገባበት ጓዳ የለ፣ የሚኬድበት ጎረቤት የለ። ሬገንስቡርግ ሲደርሱ ሻንጣዋን አዘጋጀች፤ በባቡር ልትመለስ። እሱ ደንግጦ «ምን ላድርግልሽ?» ሲላት «በሚቀጥለው ገንዳ ገመዱን አንተ ያዝ፣ እኔ ልምራ» አለችው።

እሺ አለ። አጠገቧ ሆኖ አለማመዳትና ገንዳው ጋ ሲደርሱ ገመዱን ይዞ ከፊት ቆመ። የምትለው በሞተሩ ድምፅ ተውጦ አልሰማ አለው፣ ገመዱ መዳፉን ላጠው። ገንዳው ሲከፈት ዞር ብሎ «ለካ እዚህ ሲቆሙ ምንም አይሰማም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። ቪየና አብረው ገቡ።

እኔ የምለው፣ ደብዳቤ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጀልባ ባይኖራችሁም ነገሩ ያው ነው። መንገድ ሳትጀምሩ ማን ምን እንደሚሠራ ተነጋገሩ፤ «ታውቃለች» «ያውቃል» አይባልም። እነሱ ከዚያ ወዲህ በጩኸት ፈንታ በእጅ ምልክት ተስማምተዋል። ማታ ማታ ደግሞ እሷ ለብቻዋ ዳርቻው ላይ አንድ ሰዓት ትንሸራሸር ነበር፤ መነፋፈቅም ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ቦታ ተለዋወጡ። ገመዱን ያልያዘ ሰው ገመድ ያዡን አይረዳውም።

ጀበናውስ? ባለፈው ለእረፍት ስትመጣ ሁለት ገዝታ ሄዳለች። አንዱ መለዋወጫ ነው አለችኝ!

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።