እትዬ ሴፕቲማ፣ ያስቆጠሩት ፊደል እኛም ዘንድ ደርሷል

ለተከበሩ መምህርት ሴፕቲማ ክላርክ፣

በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ቻርልስተን ድረስ መጥቼ እጅ እነሣዎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ስላረፉ ምስጋናዬን በጽሑፍ አደርሳለሁ።

በ1916፣ ገና በ18 ዓመትዎ፣ ለማስተማር ወደ ጆንስ ደሴት የተሻገሩት የትውልድ ከተማዎ ቻርልስተን በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ጥቁር መምህራንን ስለማትቀጥር ነበር። እዚያም ሁለት ሆናችሁ 132 ልጆች ስታስተምሩ፣ በአቅራቢያችሁ የነበረችው ነጭ መምህርት ሦስት ተማሪዎች ብቻ ይዛ ከእናንተ የበለጠ ደመወዝ ይከፈላት ነበር። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። እርስዎ ግን ቀን ከልጆቹ ጋር ውለው፣ ማታ ደግሞ ወላጆቻቸውን ፊደል ያስቆጥሩ ነበር።

በ1956 የደቡብ ካሮላይና ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነው የኤንኤኤሲፒ አባል እንዳይሆኑ በሕግ ከለከለ። አባልነትዎን አልደብቅም በማለትዎ ከሥራ ተባረሩ፤ የ40 ዓመት ድካምዎን ጡረታም ተነፈጉ።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። በዓመቱ ከአቶ ኢሳው ጄንኪንስ ጋር ሆነው በዚያው ደሴት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ነጮቹ እንዳይነቁበት ከፊት ሱቅ ነበር፣ ክፍሉ ከጓሮ። ለመምህርነት የመረጧት ዘመድዎን በርኒስ ሮቢንሰንን ነው። ጸጉር ሠሪ ነበረች፤ ገበሬዎቹ የተማረ ሰው ፊት እንዳይሸማቀቁ አስበው ነው። ተማሪዎቹ ስማቸውን መጻፍና የገንዘብ መላኪያ ቅጽ መሙላት ተማሩ፤ ከዚያም ለመራጭነት ለመመዝገብ የሚጠየቁትን የግዛቱን ሕገ መንግሥት ማንበብ። አንዲት የ65 ዓመት እናት ሰሌዳው ላይ ከተጻፉት ስሞች መካከል የራሷን ለይታ አመለከተች። በስድሳ አምስት ዓመቷ! በርኒስ ያን ቀን የተሰማትን ሳስብ እንባዬ ይመጣል።

ያች የጓሮ ክፍል በደቡብ ግዛቶች ሁሉ ተባዛች። በ1965 የመምረጥ መብት ሕግ ወጣና መራጭን በማንበብ ፈተና ማገድ መቅረት ጀመረ።

እናቴ አሜሪካ የመጣችው ጎልምሳ ነው፤ እንግሊዝኛ አታነብም። የዜግነት ፈተናውን በዕድሜዋና እዚህ በኖረችበት ዘመን ምክንያት በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ ተፈትና አለፈች። ዋሽንግተን ዲሲ ለመራጭነት ስትመዘገብ ሕገ መንግሥት አንብቢ ያላት የለም፤ የመራጮች መረጃውንም በአማርኛ አገኘችው። ከአገር ቤት የመጣን ብዙዎቻችን ይህን መብት ተዘጋጅቶ ነው ያገኘነው፤ ማን እንደደከመበት አንጠይቅም። ልንጠይቅ ይገባን ነበር።

ጡረታዎ በ1976 እንደተመለሰልዎ ሳነብ ደስ አለኝ፤ ቢዘገይም። ለበርኒስና ለአቶ ኢሳውም ምስጋናዬ ይድረስልኝ። እናቴ ታሪክዎን ስነግራት «ነፍሷን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልኝ» ብላለች፤ የእሷንም ምርቃት አብረው ይቀበሉኝ።

አክባሪ ልጅዎ