ትንሣኤ በሥራ ቀን

ዛሬ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። ባለፈው እሑድ ሌሊት በየቤተ ክርስቲያኑ በጧፍ ብርሃን የታወጀው የምሥራች ስምንተኛ ቀኑን ይዟል። የዶሮው ወጥ አልቋል፤ በየቤቱ የተጎዘጎዘውም ቄጤማ ደርቆ ተጠርጓል። በዓሉ በደመቀበት ዕለት ስለ በዓሉ የሚጽፍና የሚናገር ብዙ ነው። እኛ ግን የትንሣኤ ነገር በእውነት የሚፈተነው ድምቀቱ ካለፈ በኋላ መስሎ ስለ ታየን፥ ይህን አሳብ ለዛሬ ማቆየትን መረጥን።

ጾሙንስ እናውቅበታለን። 55 ቀን ሙሉ ከሥጋና ከቅቤ መከልከል፥ በስቅለት ዕለት ጉልበት እስኪዝል መስገድ፥ የቻለም ከዓርብ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ሳይቀምስ ማክፈል፥ ይህ ሁሉ ከአባት ከእናት የወረስነው ነው። የሚያስቸግረን ከዚያ በኋላ የሚመጣው 50 ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን በነዚህ ቀኖች ረቡዕንና ዓርብን እንኳ አታስጾምም፤ ስግደትም የለም። ልማዱ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፥ ምእመናን በየእሑዱና እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ቀኖች ቆመው እንጂ ተንበርክከው እንዳይጸልዩ ወስነዋል። እንግዲህ ይህ ጊዜ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ጊዜ ነው ማለት ነው። እኛ ግን ለሆድ የተሰጠ ፈቃድ ብቻ አድርገን ወስደነዋል። ጾሙ ሲፈታ ከጾሙ ጋር የነበረው ጥንቃቄም አብሮ ይፈታል።

ትንሣኤ ማለት መነሣት ነው። ዲያቆኑ በቅዳሴ ጊዜ ‹‹ተንሥኡ›› እያለ ሕዝቡን ለጸሎት የሚያስነሣበት ቃልም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። ስለዚህ ቃሉ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ከሣጥን እንደሚወጣ የክት ልብስ አይደለም፤ የዘወትር ነው። ደግሞም በዚህ ወራት በምንሰላለምበት ሰላምታ ውስጥ ‹‹እምይእዜሰ›› የምትል አንዲት ቃል አለች። ‹ከእንግዲህስ› ማለት ናት። ስለ ክርስቶስ መነሣት፥ ስለ ሰይጣን መታሰር፥ ስለ አዳምም ነጻ መውጣት ከተነገረ በኋላ ነገሩ ወደ እኛ የሚዞረው በዚህች ቃል ነው። ከእንግዲህስ ምን ይሁን? ከንፈራችን ይላታል፤ ነገር ግን ቆም ብሎ የሚያስባት ጥቂት ነው።

በዚህ ሳምንት፥ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፥ ለራሳችን ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። በየቢሮው ሰላምታው ሞቅ ብሏል፤ ሠራተኛው ሁሉ እየተሳሳመ እንኳን አደረሰህ፥ እንኳን አደረሰሽ ይባባላል። በአግዳሚው ወንበር ጥግ ግን አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። የመጡት የሟች ባለቤታቸውን የጡረታ አበል ለማስፈጸም ነው። ከሕማማት በፊት መጥተው ‹ከበዓሉ በኋላ ይምጡ› ተብለው ነበርና እነሆ በተባሉት ቀን መጥተዋል። አንድ ወጣት ጸሐፊ በትሕትና ጐንበስ ብሎ፥ ‹‹እማማ፥ የሚፈርሙት ሹም ገና አልገቡም፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሰኞ ይምጡ። እንኳን አደረስዎ›› አላቸው። እሳቸውም፥ ‹‹እንኳን አብሮ አደረሰን፥ ልጄ። ዶሴውስ አለ?›› ብለው ጠየቁት። ‹‹አለ፥ እማማ፤ እመሳቢያው ውስጥ ነው›› አላቸው።

ወጣቱ ክፉ ሰው እንዳልሆነ ፊቱ ይናገራል። ምናልባት 55ቱንም ቀን ጾሟል። ፈራሚው ሹም ባይኖሩ ተተኪያቸው ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ግን ከወንበሩ አልተነሣም። እኛም የራሳችን ጉዳይ እንዳይበላሽብን ፈርተን አንዲት ቃል ሳንተነፍስ መውጣታችንን አንደብቅም።

ይህ በሆነ ማግስት ረቡዕ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ከፋሲካ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ላሉት ቀኖች ለየራሳቸው ስም ሰጥታለች። ሰኞ ማዕዶት ነው፤ መሻገሪያ ማለት ነው። ማክሰኞ የቶማስ፥ ረቡዕ የአልዓዛር፥ ሐሙስ የአዳም፥ ዓርብ የቅድስት ቤተ ክርስቲያን፥ ቅዳሜ የቅዱሳት አንስት ነው። ቢሮ በተከፈተበት፥ ትምህርት ቤት ደወል በሚደወልበት ቀን ላይ የትንሣኤ ስም መጻፉን ልብ እንበል።

አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ጌታችን ወደ መቃብሩ በቀረበ ጊዜ ድንጋዩን ራሱ አላነሣም፤ በዙሪያው የቆሙት እንዲያነሡት አዘዘ። ሙት የሚያስነሣ ጌታ ድንጋይ ማንከባለል አቅቶት አልነበረም። አልዓዛር በወጣ ጊዜም እጁና እግሩ እንደ ተገነዘ ነበርና፥ መግነዙን እንዲፈቱለት አሁንም ለሰዎቹ ነገራቸው። ሕይወት መስጠቱ የእርሱ ነው፤ ድንጋዩንና መግነዙን ግን ለሰው እጅ ተወው። በመሥሪያ ቤት ለሚሠራ ወጣት ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሥራ ትእዛዝ ከየት ይመጣል? አንዱ ዶሴ የአንድ ቤተ ሰብ የወር ቀለብ የታሰረበት ነው፤ ሌላው የአንድ ተማሪ የምስክር ወረቀት ነው። ማርታም በዚያን ጊዜ ነገሩ እንደ ቆየና እንደ ሸተተ ተናግራ ነበር። ‹ቆይቷል› የሚባለው ምክንያት ዛሬም በየቢሮው አለ። መዘግየቱ ከስንፍና ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ እጅ መንሻ እስኪመጣ ሆን ተብሎ የሚቆይም አለ። እንዲህ ያለው መሳቢያ ሲከፈት መሽተቱ አይቀርም፤ ቢሆንም ድንጋዩ ይነሣ ተባለ እንጂ ሽታው እስኪጠፋ ይቆይ አልተባለም።

ተማሪዎች ቶማስን ይወዱታል፤ ማስረጃ ጠያቂ ነውና። ነገር ግን የታየው ማስረጃ ምን እንደ ነበር እንመልከት፤ የችንካር ምልክትና የተወጋ ጎን ነው። ከሞት የተነሣው አካል ቁስሉን አልሸሸገም። ስለዚህ የተቀያየሙ ወንድማማቾች ሲታረቁ ‹ምንም አልነበረም› መባባል አያስፈልጋቸውም። በአገራችን በጦርነትም በጠብም የቆሰለ ብዙ ሰው አለ፤ ቁስሉን አይቶ የሚዳስሰው እንጂ እንዲረሳው የሚገሥጸው አይጠቅመውም። ቅዱሳት አንስትም በማለዳ ሽቱ ይዘው ሲሄዱ ድንጋዩን ማን እንደሚያንከባልልላቸው አያውቁም ነበር፤ ቢሆንም መንገዳቸውን አላቋረጡም። የምሥራቹን ባመጡ ጊዜ ደግሞ ሐዋርያቱ ከንቱ ወሬ መስሏቸው አላመኗቸውም። በወንበር ላይ ተቀምጦ የሴት አቤቱታ የሚሰማ ሁሉ ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

‹ትንሣኤ ሙታን የመጨረሻው ቀን ተስፋ ነው፤ ከዶሴና ከቢሮ ጋር ምን አገናኘው?› የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከቅዱስ ጳውሎስ እናገኛለን። ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት 15ኛው ምዕራፍ ስለ ሙታን መነሣት በ58 ቁጥር ሲያስረዳ፥ ስለ መለከቱና ስለማይበሰብሰው አካል ተናግሮ ሲጨርስ፥ የመጨረሻው ቁጥር ስለ ሥራ ነው፤ ድካማቸው ከንቱ እንዳልሆነ ዐውቀው እንዲጸኑ ይመክራቸዋል። ቀጥሎ የሚመጣው 16ኛው ምዕራፍ ደግሞ የሚከፈተው በኢየሩሳሌም ላሉት ወገኖች በሚዋጣው ገንዘብ ነው። ከመለከቱ ድምፅ ወደ መዋጮው ሲያልፍ የሩቅ መንገድ የሄደ አይመስለውም። ሞት የመጨረሻው ቃል አለመሆኑን ያመነ ሰው፥ ለአንድ ባለጉዳይ የደከመው ድካም እንደማይጠፋ ያምናል፤ ባለጉዳዩ ክርስቲያንም ይሁን እስላም፥ የሚያውቀውም ይሁን የማያውቀው።

ከ50ው ቀን ገና ከ40 የሚበልጥ ይቀራል። ነገ ሰኞ ነው። እኒያ እናት በቀጠሯቸው መሠረት ጧት ይመጣሉ፤ ዶሴያቸውም እመሳቢያው ውስጥ ነው።