በደመወዝ ፋንታ የመጣው ወፍራም ሰሌዳ

ለዚህ አምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳና ስለ ኑሮ ውድነት ናቸው። ሰሞኑን ከአንዲት ሠራተኛ እናት የደረሰን ግን ከቤቷ በር ጀርባ ስለቆመ አንድ ዕቃ የሚያወሳ ነው። ፍሬ ሐሳቡ እንዲህ ይላል፦

«ባለቤቴ የማስታወቂያ ሰሌዳ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። ድርጅቱ ከሦስት ወር በፊት ሲዘጋ የመጨረሻዎቹ የሦስት ወራት ደመወዙ አልተከፈለውም። ባለቤቱ ‹ገንዘብ የለኝም፣ ይህን ወስደህ ሸጠህ ተጠቀም› ብሎ አንድ ትልቅ ወፍራም አክሪሊክ አሸከመው። ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ውፍረቱ ሁለት ጣት ያህል ነው። ሊገዛ የመጣ ሁሉ እያየ ይመለሳል። የምንኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው። ትልቋ ልጃችን ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች፤ የምታጠናው አልጋ ላይ ተንበርክካ ነው። እኔም ማታ ማታ የቀሚስ ጥልፍ እየሠራሁ ቤቱን እደጉማለሁ። በዚህ ዕቃ የተነሳ ሰላም አጣን። እኔ ‹ለቆራሌው ይሰጥ› ስለው ይቆጣል፤ አንዳንዴም እያየው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ምን ብናደርገው ይሻላል?»

ውድ እህታችን፣ ጥያቄሽ ሁለት ነገሮችን የያዘ ነው። አንደኛው ስለ ሰሌዳው፣ ሁለተኛው ስለ ባለቤትሽ ልፋት ነው። ስለ ሰሌዳው ከመናገራችን በፊት ግን ጊዜ የማይሰጠውን ነገር እናስቀድም።

መጋዝ ከመነሳቱ በፊት

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደመወዝ የሚከፈለው በገንዘብ ነው። አሠሪውና ሠራተኛው ከተስማሙ ከፊሉ በዓይነት ሊከፈል ይችላል፤ ይሁን እንጂ በዓይነት የሚሰጠው ነገር በአካባቢው ካለው የገበያ ዋጋ በላይ ሊታሰብ አይችልም፤ በገንዘብ ከሚከፈለው ደመወዝም ከመቶ ሠላሳውን ማለፍ የለበትም። እንግዲህ የሦስት ወር ሙሉ ደመወዝን በአንድ ሰሌዳ ማቻቻል ሕጉ ከሚፈቅደው ውጭ ነው ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቅበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ይኸውም ደመወዙ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ ስድስት ወር ነው። ድርጅቱ ከተዘጋ ሦስት ወር ሆኖታል ብለሻል። ከሦስቱ ያልተከፈሉ ወራት የመጀመሪያው ደመወዝ መከፈል ከነበረበት እንግዲህ አምስት ወር ገደማ አልፎታል፤ የቀረው አንድ ወር ብቻ ነው። ስለሆነም ባለቤትሽ የሥራ ውሉን፣ የደመወዝ ማስረጃውንና ያለውን ሰነድ ሁሉ ይዞ በዚህ ሳምንት ወደ ክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ቢሄድና ምክር ቢጠይቅ መልካም ነው።

ሰሌዳውን ከመቁረጣችሁ በፊትም ልኩን ጻፉ፣ ፎቶግራፍ አንሡት፣ ዋጋውንም ሁለት ሦስት ነጋዴ ጠይቃችሁ መዝግቡ። ሰሌዳው ይመለስ ወይስ ዋጋው ከደመወዙ ይቀነስ የሚለው ጉዳይ ካልለየለት መቁረጡ ይቆይ። ለእናንተ እንዲሆን ከተወሰነ ግን ቀጥሎ ያለው ይጠቅማችኋል።

ዕቃው ምንድን ነው?

አክሪሊክ መስተዋት የሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በአገራችን ብዙዎች «ፕሌክሲግላስ» ይሉታል። ይህ ስም እ.ኤ.አ. በ1933 በጀርመን አገር የተመዘገበ የንግድ ስም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ሆኖ አገልግሏል። በዚያው ጦርነት የመስኮቱ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎች ነበሩ። እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ስብርባሪው ዓይናቸውን እንደማያስቆጣው ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ከዚሁ ዕቃ የተሠራ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከለ። የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ዛሬ የልጅ ልጆቻቸውን መልክ የሚለዩ አያቶች ለዚህ ሙከራ ባለውለታ ናቸው። ይህን ማንሣታችን ከበር ጀርባ የቆመው ነገር ለቆራሌ የሚሰጥ ውዳቂ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው።

አክሪሊክ ክብደቱ ከመስተዋት ግማሽ ያህል ነው። እንዲያም ሆኖ የእናንተው ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከ28 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ልጅ ላይ ቢወድቅ ይጎዳል። ስለዚህ ለጊዜውም ቢሆን ከበር ጀርባ ቆሞ አይቆይ፤ አልጋ ሥር አጋድሙት።

ከአንዱ ሰሌዳ ሦስት ነገር

አንደኛ፦ የማጥኛ ጠረጴዛ። ከሰሌዳው 120 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይወጣለታል። ይህ 18 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የጠረጴዛ ገጽ ነው። እግሩን አንድ የብየዳ ባለሙያ ከቱቦላሬ ሊሠራው ይችላል። አክሪሊክ ከመስተዋት ይልቅ ስለሚለምጥና ከባድ ነገር ለረጅም ጊዜ ከተጫነው ስለሚሰረጉድ፣ በሥሩ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ተሸካሚ ብረት ይግባለት። ብየዳው አልቆ ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰሌዳው በጎማ ቁራጮች ላይ ይቀመጥ። በብሎን ጠርቆ ማሰር አያስፈልግም፤ አክሪሊክ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር በአንድ ሜትር ርዝመት 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣልና። የግድ የሚበሳ ከሆነም ቀዳዳው ከብሎኑ በ2 ሚሊ ሜትር ይስፋ። የጠረጴዛው ጥቅም ይህ ብቻ አይደለም። ገጹ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ልጅቷ የማባዣ ሠንጠረዡን፣ የኢትዮጵያን ካርታ ወይም የሳይንስ ሥዕሏን በሥሩ አጣብቃ ከላይ እያየች ልታጠና ትችላለች።

ሁለተኛ፦ የጥልፍ ማንሻ። ከቀረው 120 በ30 ቁራጭ 50 ሴንቲ ሜትሩ ለአንቺ ይሁን። በሁለት ጠንካራ የእንጨት መደቦች ላይ አስቀምጠሽ፣ በሥሩ ነጭ ወረቀት ለጥፈሽ፣ ከታች የማይሞቅ የኤልኢዲ አምፖል ብታበሪበት የጥልፉ ንድፍ በሸማው ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ንድፉን ከታች፣ ጨርቁን ከላይ አድርጎ በእርሳስ መከተል ብቻ ነው። የቀኝና የግራ እጅጌ ጥልፍ አንድ ዓይነት እንዲሆን በዓይን ግምት የምታጠፊው ጊዜ ይተርፍልሻል፤ ዓይንሽም ያርፋል።

ሦስተኛ፦ የባለቤትሽ ሥራ። የቀረው 70 በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ለባለሙያ ትልቅ ነገር ነው። ወፍራም አክሪሊክ በአንድ ጠርዙ የገባውን ብርሃን በውስጡ እያነጠረ ወደ ሌላው ጠርዝ ይወስደዋል፤ ገጹ ላይ ፊደል ወይም አበባ ከተቀረጸበት ግን ብርሃኑ በተቀረጸው ቦታ ብቻ ይወጣል። በመሆኑም 15 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ፣ ከሥሩ የኤልኢዲ መብራት በተገጠመለት የእንጨት መቆሚያ ላይ ቢቆም፣ ለሕፃናት የሌሊት መብራት ወይም ለሱቅና ለቢሮ የስም ሰሌዳ ይሆናል። ክብደቱ 900 ግራም ያህል ስለሆነ በቀላሉ አይገለበጥም። ከ70 በ30ው ቁራጭ ደግሞ፣ በመጋዙ የሚባክነውን ያህል ስፋቱ በጥቂቱ ቢያንስም፣ እንዲህ ያለ ስድስት ይወጣል። ይህን ሥራ ባለቤትሽ ለዓመታት ለሌላ ሰው ሲሠራው የነበረ ነው፤ አሁን ለራሱ ይሥራው።

አቆራረጡና አያያዙ

ስስ አክሪሊክ በስለት ተጭሮ ይሰበራል፤ ወፍራሙን ግን በመጋዝ መቁረጥ ይሻላል። ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ ያስፈልጋል። መከላከያ ወረቀቱ አይላጥ። ሥራው ዝግ ተብሎ ይሠራ፤ ሲፋጠን ፕላስቲኩ በግለቱ ቀልጦ ከመጋዙ ጋር ይጣበቃልና። ሲበሳም ከሥሩ እንጨት ይደገፍ። የሚቆረጠው ደጅ ላይ፣ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ተደርጎ፣ ሕፃናት በሌሉበት ነው። የተቆረጠው ጠርዝ መጀመሪያ በሻካራ፣ ቀጥሎ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እየነካ ይታሽ፤ በመጨረሻም በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት የጥርስ ሳሙና ሲወለወል ያበራል። የጠረጴዛው ማዕዘኖች ደግሞ ለሕፃናት ሲባል ይድቦልቦሉ።

ጽዳቱ ቀላል ነው፦ ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መፈተግ ይጭረዋል። አልኮል፣ ቤንዚን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና አሞኒያ ያለበት የመስተዋት ማጽጃ ፈጽሞ አይንኩት፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጡበታል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ በየባንኩና በየመድኃኒት ቤቱ ከቆሙት መከለያዎች አንዳንዶቹ በአልኮል ሲወለወሉ ኖረው የደበዘዙት በዚህ ምክንያት ነው።

እናቶች ከሁሉ በላይ ልታስታውሱት የሚገባው ስለ እሳት ነው። አክሪሊክ 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ እሳት ከያዘው ደግሞ እየተንጠባጠበ ይነዳል። ስለሆነም ትኩስ ጀበና፣ ድስትና የልብስ ካውያ አይቀመጥበት። የከሰል ምድጃና ሻማም አይቅረበው። ከምጣድ አጠገብ መከለያ ይሁን የሚል ቢኖርም እሺ አትበሉ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ስላልሆነ ሽንኩርት መክተፊያም አይሁን፤ ቢላዋ በጫረው ቦታም ቆሻሻ ይሸሸጋል።

ስለ ሁለታችሁ

እህታችን፣ ባለቤትሽ «ለቆራሌው ይሰጥ» ስትዪው የሚቆጣው ሰሌዳውን ወዶት ላይሆን ይችላል። በዓይኑ የሚያየው የሦስት ወር ላቡን ነው። አንቺም የተናገርሽው ቤቱ ጠቦሽ፣ የልጅሽ ጉልበት አሳዝኖሽ እንጂ እሱን ለመናቅ አይደለም። ይህን አንዳችሁ ለሌላው ብትነጋገሩት ግማሹ ጠብ ይበርዳል።

ማስታወሻ የምንሰጠው ለባለቤትየውም ጭምር ነው። ወንድማችን፣ አሠሪህ ያደረሰብህ በደል የአንተ ውርደት አይደለም። መብትህን በሕግ ጠይቅ። በዚያው ጊዜ ውስጥ መጋዙን ስታነሣ ልጅህ ልኩን ትያዝልህ፣ ባለቤትህም ንድፉን ታውጣ። ለስም ሰሌዳው የሚሆነው አበባ ከጥልፏ ሊወሰድ ይችላልና።

ሰሌዳው በደመወዙ ፋንታ ሊቆጠር አይገባም፤ ለደመወዙ ጽሕፈት ቤት አለ። ነገር ግን ልጅቱ ከአልጋው ጫፍ ተነሥታ በወንበር ተቀምጣ ለፈተናዋ ብትዘጋጅበት ከበር ጀርባ ከመቆም ይሻለዋል። ውጤቱን ጻፉልን። እናንተም ውድ አንባብያን፣ በቤታችሁ «ምን ይሠራል?» ተብሎ የቆመ ዕቃ ካለ ልኩንና ዓይነቱን ጽፋችሁ ላኩልን፤ አብረን እንመክርበታለን።